ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ100 ዲግሪ አይፈላም፦ በአማርኛ የሳይንስ ቪዲዮ ሲሠራ የሚደጋገሙ ስህተቶች

በአማርኛ የሚሠሩ የሳይንስ ቪዲዮዎች ዋና ጣጣ ስክሪፕታቸው ለሌላ ሰማይና ለሌላ ከፍታ የተጻፈ መሆኑ ነው። ተመልካቹ አዋቂ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ጀበና ሲጣድ አይቷል፣ ጨረቃንም ያውቃታል። የምትነግሩት ካየው ጋር አልገጥም ካለው ቪዲዮውን ይዘጋል፤ አይፈረድበትም።

የሰው አገር ሰማይ መተረክ

«ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» የሚለውን ውሰዱ። ይህ የሚሠራው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ውሃውን የሚጫንበት ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ውሃው በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደጋ ላይ ባቄላ አልበስል ብሎ የሚያስቸግረው፣ ፕሬዠር ውስጥ ሲገባ ግን ቶሎ እጅ የሚሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው። የዳናክል ረባዳ ዝቅተኛው ክፍል ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ እዚያ ውሃው 100ን ጥቂት አልፎ ነው የሚፈላው። አንድ አገር ውስጥ ይህን የመሰለ ማሳያ እያለ «100» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው። ቴርሞሜትር አምጡና በቀረጻው ላይ አሳዩ። ጫፉ የድስቱን ታች እንዳይነካ ግን ተጠንቀቁ፤ ከነካ የሚያነበው የብረቱን ሙቀት ነው።

ወቅቶችም እንዲሁ። «ምድር ስላዘነበለች ሐምሌ ላይ ቀኑ ይረዝማል፣ ይሞቃልም» የሚለው ለአውሮፓ የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ፀሐይ ለአናታችን ቀርባ ሳለ ካፖርት እንደርባለን። የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ስለሚወጣ ደመናው ይጋርዳታል። ስለ ምድር ማዘንበል ተናገሩ፣ ግን ታሪኩን እስከ ደመናው አድርሱት።

ከውጭ ሥዕል የተቀዳችው አዲስ ጨረቃ ቀጥ ብላ ቆማ ትታያለች። እኛ ጋ ማታ በምዕራብ የምትታየው ግን ጀርባዋን ወደ ታች አድርጋ ጋደም ያለች ናት። ሥዕሉን ማዞር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? «እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በደቡብ ናት» ማለትም ያስገምታል፤ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ መገባደጃ አዲስ አበባ ላይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ቀን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ እንጨት ተክሎ ጥላውን ያየ ሰው ይታዘባችኋል። ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ሆነው የሚያዩም አሉና ሁልጊዜ የቦታውን ስም ጥሩ።

ጨረቃን ከምድር ጎን መለጠፍ

በ1,920 ፒክስል ስፋት ላይ ምድርን 40 ፒክስል አድርጋችሁ ብትስሏት ጨረቃ 11 ፒክስል ትሆናለች፤ ርቀቷ ደግሞ 1,200 ፒክስል ገደማ ነው። ፍሬሙ ውስጥ ትገባለች፣ ስለዚህ ማመካኛ የለም። ፀሐይ ግን በዚያው ልክ ወደ 245 ስክሪን ርቃ ትሄዳለች። እሷን ከሣላችሁ «ርቀቱ በልኩ አይደለም» ብላችሁ ጻፉ።

«ጠፈር ላይ ስበት የለም»

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በሚዞርበት 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ምድር ላይ ካለው ስበት 90 ከመቶ ያህሉ አለ። ጠፈርተኞቹ የሚንሳፈፉት ከጣቢያው ጋር አብረው ያለማቋረጥ ስለሚወድቁ ነው።

«ሰው ከዝንጀሮ መጣ»

ጎብጦ ጀምሮ ቀጥ ብሎ የሚጨርሰውን የሰልፍ ሥዕል ጣሉት። ሰውና ቺምፓንዚ የአንድ ቅድመ አያት ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው፤ ሥዕሉ ዛፍ ይሁን። ድንቅነሽንም «የመጀመሪያዋ ሰው» አትበሏት። እሷ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፤ እዚያው አፋር የተገኘችው ሌላዋ ቅሪተ አካል አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል።

«ኢትዮጵያ ልትሰነጠቅ ነው!»

ለዚህ አርዕስት ትዕግሥት የለንም። ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚከፈተው፤ በመቶ ዓመት ግማሽ ሜትር። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2005 አፋር ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መሬት በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተላቅቋል። ያን ያደረገው ከታች ተገፍቶ በስንጥቁ የገባ ማግማ (ቅልጥ ዓለት) ነው፤ ለረጅም ዘመን የተጠራቀመው ውጥረት በአንድ ጊዜ ተለቀቀ። ሁለቱን ቁጥሮች አብራችሁ ካላስቀመጣችኋቸው አንዱ ብቻውን ያስፈራል፣ ሌላው ብቻውን ያዘናጋል።

ግርዶሽን በራጅ ፊልም ማሳየት

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ግብፅና የመን ላይ ሙሉ የሚሆን የፀሐይ ግርዶሽ ከኢትዮጵያ በከፊል ይታያል፤ ቪዲዮ ልትሠሩበት ነው። የራጅ ፊልም፣ ጥላሸት የጠጣ መስታወትና ሲዲ ብርሃኑን ያደበዝዙታል እንጂ ለዓይን የማይታየውን ጨረር ያግዳሉ ተብለው የሚታመኑ አይደሉም። ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ሕመም ስለማይሰማው ተመልካቹ ሲቃጠል አያውቅም። የፀሐይ መመልከቻ መነጽር ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው አይ.ኤስ.ኦ. 12312-2 የተጻፈበት መነጽር ያስፈልጋል። መነጽር ለሌለው ካርቶን ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አበጅታችሁ፣ ለፀሐይ ጀርባ ሰጥቶ አንድ ሜትር ርቆ ባለ ነጭ ወረቀት ላይ እንዲያይ አሳዩት፤ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሰፋ ፀሐይ ታርፍበታለች።

ቀረጻና ቅንብር

ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ የድምፁ ጫፍ ከ-6 ዴሲቤል አይለፍ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ አትቅዱ፤ በኋላ በሶፍትዌር ማጽዳቱ ከባድ ነው። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ስልኩን በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ሹተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ አድርጉት፤ አለዚያ አምፖሉ ሲርገበገብ ይታያል።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ለእንግሊዝኛ የተቀናበረ አኒሜሽን ግን ፍንዳታውን መሐል ላይ ያሳያል፤ «ፈነዳ» ሲባል ጭሱ ጠፍቷል። ሥዕሉን ትረካው ከተቀዳ በኋላ አቀናብሩ።

ዓመት ስትቀይሩ በጭፍኑ 8 አትቀንሱ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ልዩነቱ 7 ነው፤ ድንቅነሽ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲሆን፣ 1966 የሚሉ ቪዲዮዎች ከ1974 ላይ 8 የቀነሱ ናቸው።