ውሃው 94 ላይ ፈላ፦ የጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ ሙከራ ሐዋሳ ላይ ሲያስቸግር

ውሃው እየተንፈቀፈቀ ቴርሞሜትሩ 100 አልደርስ ሲል

ዋናው ጣጣ ይሄ ነው። መምህሩ ቴርሞሜትሩን ጥሎ ሌላ ይገዛል፣ አዲሱም 94 ላይ ይቆማል። “100 ብላችሁ ጻፉ” ብሎ የሚያልፍም አለ። ልጁ በዓይኑ ያየውን ሰርዞ እንዲጽፍ ማድረግ ምን የሚሉት ሳይንስ ነው?

ዕቃው አልተበላሸም። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ ባሉ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ስለሚወርድ እዚህ 94 እና 95 ትክክል ነው። አዲስ አበባ 92 ገደማ ይሆናል፤ ከባሕር ጠለል በታች ያለው ዳሎል ደግሞ 100ን ትንሽ ያልፋል።

ከ93 በታች ወይም ከ96 በላይ ካነበበ ግን ይፈተሽ። ብርጭቆ ሙሉ የተፈጨ በረዶ ላይ ጥቂት ውሃ ጨምሮ ማማሰል፣ ቴርሞሜትሩን ከቶ 3 ደቂቃ መጠበቅ። 0 ማለት አለበት። ቀዩ ፈሳሽ መሃሉ ላይ ከተቆረጠ ንባቡ ዋጋ የለውም። በረዶው ውስጥ 0 ብሎ በሚፈላው ውሃ ውስጥ 98 ካለ የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ታች ነክቷል፤ በድስቱ አፍ ላይ እንጨት አጋድሞ፣ በክር አስሮ፣ ከታች 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ። ሳያወጡ ማንበብ።

60 ላይ የሚታዩት ትንንሽ አረፋዎች መፍላት አይደሉም፤ ውሃው ውስጥ የነበረ አየር ነው የሚወጣው። መዝገቡ ውሃው ሲንተከተክ ይጀመር፣ በየደቂቃው ይጻፍ። እሳቱ ቢጨመርም ቁጥሩ አይነቃነቅም። ልጆቹ ማየት ያለባቸው ይህንን ነው።

የሚገዛው እስከ 110 የሚያነብ፣ ቁጥሩ መስታወቱ ላይ የታተመበት ይሁን። ሰሌዳ ላይ በሽቦ የታሰረው ርካሽ ዕቃ ቱቦው ሲንሸራተት ይዋሻል፤ አብዛኛውም ለክፍል ሙቀት የተሠራ ነው። የትኩሳት መለኪያ ግን በጭራሽ! 42 ላይ ያበቃል፣ ይሰበራል፣ ሜርኩሪ ያለበት ከሆነ ክፍሉን ይመርዛል። የሻይ ብርጭቆም እሳት ላይ አይጣድም። የተከደነ ጠርሙስም።

ፊኛው አልነፋ ሲል

አቼቶና ሶዳ ጠርሙስ ውስጥ ተቀላቅለው በሚሰጡት ጋዝ ፊኛ በሚነፋበት ሙከራ፣ የተገዛው ቤኪንግ ፓውደር ነው። ቤኪንግ ሶዳ ይፈለግ፦ 1 የሻይ ማንኪያ ለ100 ሚሊ ሊትር አቼቶ፣ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ። የፊኛው አፍ በጠርሙሱ አንገት ላይ በክር ይታሰር።

በረዶ የያዘው ብርጭቆ በውጭ አላላበው ሲል

በጋ ነው፣ አየሩ ደርቋል። በረዶው ላይ ጨው መጨመር።

ሻማው ከመቅለጥ ይልቅ ሲጨስ

በቀጥታ እሳት ላይ ተጥዷል። ቆርቆሮ ውስጥ አድርጎ ሙቅ ውሃ ላይ ማስቀመጥ፤ 70 ዲግሪ ይበቃዋል።