ኔሜስዮስን በእንግሊዝኛ ለማንበብ ከየት ይጀመር?

ኔሜስዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የኤሜሳ ጳጳስ ነበር። ከተማዋ ዛሬ የሶርያዋ ሆምስ ናት። በግሪክኛ የጻፈውን «ስለ ሰው ተፈጥሮ» አንብቤ አልጠገብኩትም። ጳጳስ ሆኖ ስለ ነፍስ ሲጽፍ የሐኪሞችን መጻሕፍት አጠገቡ አድርጎ ነው፤ የምወድለትም ይህንኑ ነው።

በእንግሊዝኛ በ1955 የወጣው የቴልፈር ትርጉም አለ። እኔ ግን በ2008 የታተመውን የሻርፕልስና የቫን ደር ኤይክን ትርጉም እመርጣለሁ። የግርጌ ማስታወሻዎቹ የትኛው ሐሳብ ከማን እንደመጣ ያሳያሉ። በመጀመሪያው ንባብ ግን እነሱን ተዋቸው።

ምዕራፍ 1ን ቀስ ብለህ አንብብ። ከድንጋይ ወደ ተክል፣ ከተክል ወደ እንስሳ እያለ ይወጣና ሰውን ድንበር ላይ ያቆመዋል፤ በሥጋው ከእንስሳት ጋር፣ በአእምሮው ከማይታዩት ጋር።

ምዕራፍ 2ን ለጊዜው ዝለለው። የጥንት ፈላስፎች ስለ ነፍስ ያሉትን እያነሳ ይሟገታል፤ ስሞቹ ብቻ ያደክማሉ።

በቀጥታ ወደ 6 ሂድና እስከ 13 አንብብ። ምናብን ከአንጎል ፊት፣ ማሰብን መሃል፣ ትውስታን ኋላ ያስቀምጣል። የዛሬ ሳይንስ ይህን አይቀበልም። አንተ ግን ማስረጃውን ተመልከት። 13 ላይ ከሐኪሙ ጋለን የወሰደው ታሪክ አለ። አንድ በሽተኛ የመስታወት ዕቃ ይዞ መስኮት ላይ ይቆማል። እያንዳንዱን ዕቃ በስሙ እየጠራ ከታች የሚያልፉትን ሰዎች «ልወርውረው?» ይላል። ሰዎቹ እሺ ሲሉት ይወረውራል። ቀጥሎ አብሮት ያለውን የሱፍ ሠራተኛ ልወርውረው ወይ ይላቸዋል። ቀልድ መስሏቸው እሺ አሉት፤ ሰውየውን ገፍቶ ጣለው። ዕቃውንም ሰውንም ለይቶ ያውቃል፤ የታመመው ማሰቡ ነው። እዚህ ጋ መጽሐፉን አስቀምጥና ትንሽ አስብ።

አሁን ወደ ምዕራፍ 3 ተመለስ፤ ነፍስና ሥጋ እንዴት አንድ ሆኑ የሚለው ነው። የፀሐይን ብርሃን በአየር ውስጥ ምሳሌ ያደርጋል። ምሳሌው ላይ ግን አትቁም። ፀሐይ በቦታ የተወሰነች ናት፤ ነፍስ ግን አይደለችም ብሎ ወዲያው ያርመዋል። የምዕራፉ ልብ ያ እርማት ነው።

ከ29 እስከ 41 ያለው ስለ ፈቃድና ስለ ዕድል ነው። ማዕበል ሲያስጨንቃቸው ጭነታቸውን ባሕር ውስጥ የሚጥሉትን ሰዎች ፈልጋቸው። ወደው ነው ተገደው? መልሱን ከማየትህ በፊት የራስህን ጻፍ። ከዚያ ምዕራፍ 2ን አንብበው፤ አሁን አይከብድህም።