ስልኩን ሳንጥል እፎይ ማለት እንዴት ይቻላል?

ሌሊት 7 ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ ጮኸ። «ብሮ፣ አለህ?» ይላል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደፈለገ አይናገርም።

ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ የኮፒና የፕሪንት ቤት አለችኝ። ግንቦት ሲገባ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያስጠርዙ ተማሪዎች ሌሊትና ቀኑን አይለዩትም። ፋይሉን በቴሌግራም ይልካሉ፣ ጠዋት ይመጣሉ። እናም «አለሁ» ብዬ መለስኩ። ዝም። ልጁ እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል። እኔ ግን አንዴ ዓይኔ ተገልጧልና እስከ 9 ሰዓት ስክሮል ሳደርግ ቆየሁ። በማግስቱ የአንዱን ጥራዝ ገጾች ገልብጬ ጠረዝኩት። ኪሳራው የራሴ።

ስልካችሁን ሐይቁ ውስጥ ጣሉት የሚል ምክር እዚህ አታገኙም። ለእኔ ስልክ እንጀራ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የምትሠራ ልጅ የገጠር እናቷን የምታገኘው በእሱ ነው። ቤሩት ያለች እናት ልጇን የምታየው በኢሞ ነው። ስለዚህ መተዉን እንርሳው። መለየቱ ይበቃናል።

እኔ ስልኬን ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ ሰው እና ገበያ። ሰው የምለው ስሜን የሚያውቀውን ነው፦ እናቴ፣ ጓደኛዬ፣ ደንበኛዬ፣ እድሩ። ገበያ የምለው ደግሞ እኔ ኖርኩም አልኖርኩም የሚንጫጫውን፦ ቻናሉ፣ ቲክቶኩ፣ የማላውቀው ሰው ሠርግ፣ ኮሜንት ላይ የሚሰዳደበው ሕዝብ። ጣጣው፣ ሁለቱም የሚጠሩን በአንድ ደወል ነው።

1ኛ፦ ሦስት ቀን መዝግቡ

አንድሮይድ ስልክ ከሆነ ሴቲንግ ገብታችሁ «ዲጂታል ዌልቢይንግ» የሚለውን ፈልጉ። አይፎን ላይ «ስክሪን ታይም» ይባላል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2018 የመጡ ናቸው። የትኛው አፕ ስንት ሰዓት እንደበላባችሁ ያሳያሉ። ሰዓቱን አይታችሁ ግን አትደንግጡ፤ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ወረቀት ያዙና ስልኩን ባስቀመጣችሁ ቁጥር አንድ ቃል ጻፉ። የእኔ የመጀመሪያ ቀን እንዲህ ይላል፦ «እማዬ፣ 11 ደቂቃ፣ ቀለለኝ። ቲክቶክ፣ 50 ደቂቃ፣ ምንም። ፌስቡክ፣ 20 ደቂቃ፣ ደበረኝ። ደንበኛ፣ 4 ደቂቃ፣ ቀለለኝ፤ ከፈለ።»

ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ነገር ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጥናት 82 ሰዎችን ለሁለት ሳምንት፣ በቀን አምስት ጊዜ በቴክስት «አሁን ምን ይሰማሃል?» እያለ ጠየቀ። በመሃል ፌስቡክ ላይ ብዙ የቆየ ሰው በቀጣዩ ጥያቄ ስሜቱ ወረድ ብሎ ይገኝ ነበር። ከሰው ጋር በአካል ወይም በስልክ ማውራት ግን እንዲህ ያለ ነገር አላስከተለም።

«ኢንተርኔት ሰውን ያበላሻል» የሚለውን ስብከት የማልወደውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ፒትስበርግ ውስጥ በ73 ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት ኢንተርኔት ብቸኝነትን ይጨምራል ብሎ ብዙ ሰው አስደንግጦ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ተመልሰው ሲያዩአቸው ጉዳቱ በአብዛኛው ጠፍቷል።

2ኛ፦ የገበያውን ደወል ዝጉ

ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽን ግቡ። የግል መልእክት፣ ግሩፕና ቻናል ለየብቻ ተቀምጠዋል። ቻናሉን ዝጉት። ግሩፑንም ዝጉት። የግሉን ተዉት። ከግሩፖቹ መካከል መዘጋት የሌለበት ካለ እሱን ብቻ ለይታችሁ መልሳችሁ መክፈት ትችላላችሁ። እኔ የከፈትኩት አንድ ነው፣ የእድራችንን። የፌስቡክና የቲክቶክን ኖቲፊኬሽን ግን ሙሉ በሙሉ አጥፉት። «እገሌን ታውቀው ይሆናል» የሚለው ደወል ቢቀር ምን ይጎድላል?

ደወሉ ለምን እንዲህ እንደሚይዘን ማየት የፈለገ ጠዋት ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ይሂድ። ዓሣ አጥማጆቹ አጠገብ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ቆሞ ይጠብቃል። አንዳንዴ የዓሣ አንጀት ይወረወርለታል፣ አንዳንዴ አይወረወርለትም። መቼ እንደሚወረወርለት ስለማያውቅ ንቅንቅ አይልም። ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ይህንኑ በቤተ ሙከራው ርግቦች ላይ አይቶታል። ምግቡ መቼ እንደሚመጣ ያላወቀች ርግብ ቁልፉን በመንቆሯ መምታት አይታክታትም። እኛም ስልኩን የምንከፍተው ሁልጊዜ ደስ የሚል ነገር ስለምናገኝ አይደለም። አንዳንዴ ስለምናገኝ ነው።

3ኛ፦ መርዶን ከስልክ አውጡት

እድር ካነሳሁ አይቀር እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይኼ ነው።

መርዶ ነጋሪ ማልዶ ነው የሚሄደው፤ ብቻውንም አይሄድም። ሽማግሌ ይዞ፣ ጎረቤት ቀስቅሶ ነው። ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ለወግ ብቻ አይመስለኝም።

አንድ ጓደኛዬ ግን ያሳደገውን አጎቱን መሞት የሰማው ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ነው። ዳታ አበራ፤ የአጎቱ ፎቶ ከሻማ ጋር መጣ። ሥሩ ስንቱ «ነፍስ ይማር» ብሏል! የያዘው እጅ የባጃጁ ሹፌር እጅ ነበር። እግዜር ይስጠው፣ ቤቱ ድረስ ወሰደው፣ ሒሳብም አልተቀበለም።

እንዲህ አድርጉ። የሟች ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ለቅርብ ቤተሰቡ ደውሉና «ሁሉም ሰምቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልሰማ ጠብቁ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ካለ ለራሱ አትጻፉለት። አብሮት የሚኖረውን ሰው ፈልጋችሁ ለእሱ ደውሉ። ግሩፕ ላይ የግድ መጻፍ ካለባችሁ ስም አታንሱ፣ «ደውሉልኝ» በሉ።

4ኛ፦ ሌሊቱን አስከብሩ

ስልኩ ከአልጋ አጠገብ ይራቅ። ለመቀስቀሻ ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ይበቃል። እኔ እንኳ ሰዓቱን ገዝቼ ብዙም አልፈለግኩትም፤ ዶሮው፣ አዛኑና ቅዳሴው ተራ በተራ ይቀሰቅሱኛል። የስክሪን ብርሃን አንጎል ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀውን ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ያዘገያል። ከብርሃኑ ጋር ደግሞ የሰው ጭቅጭቅ እያነበባችሁ ከሆነ እንቅልፉ ጭራሽ ይሸሻል።

«አንድ ነገር ተፈጥሮ ቢደወልልኝስ?» ትላላችሁ። መላ አለው። «ዱ ኖት ዲስተርብ» የሚለውን ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዲሠራ ሙሉት። እዚያው ውስጥ ደጋግሞ የሚደውል ሰው እንዲያልፍ የሚፈቅድ ምርጫ አለ። አንድሮይድ ላይ ያው ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ከደወለ ስልኩ ይጮኻል፣ አይፎን ላይ በ3 ደቂቃ ውስጥ። ሕመምተኛ የያዘ ሰው ደግሞ ይደውላል። «አለህ?» የሚል ሰው ግን ደግሞ አይደውልም።

የሌሊት ጥቅል ርካሽ ነው ብላችሁ የምታመሹ ካላችሁ ፊልሙን ማውረድ አስጀምሩትና ተኙ። ሲወርድ መጠበቅ አይጠበቅባችሁም።

5ኛ፦ ከባዱን ነገር በድምፅ

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዊስኮንሲን ተመራማሪዎች ጥናት አለ። ሴት ልጆችን ሰው ፊት ንግግር አስደርገው፣ ሒሳብ አሠርተው አስጨነቋቸው። ከዚያ አንዳንዶቹ ከእናታቸው ጋር በስልክ አወሩ፣ አንዳንዶቹ በቻት። የእናታቸውን ድምፅ የሰሙት ላይ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ቀነሰ፣ የመቀራረብ ሆርሞን የሚባለው ኦክሲቶሲን ጨመረ። በቻት ያወሩት ግን ጭራሽ ካላወሩት ብዙም አልተለዩም። ቃሉ ያው የእናት ቃል ነው፤ ድምፁ ብቻ ነው የጎደለው።

ስለዚህ ይቅርታ፣ ማጽናናት፣ ጠብ፣ ብድር ጥየቃ፣ እነዚህን አትጻፏቸው። ደውሉ። ኔትዎርክ ካስቸገረ የድምፅ መልእክት ላኩ፤ ባይሆን 7 ደቂቃ አታድርጉት።

ዋትስአፕ ላይ መልእክቱ መነበቡን የምታሳየው ሰማያዊዋ ምልክት ከምታሳብዳቸው ሰዎች አንዱ ከሆናችሁ ደግሞ ፕራይቬሲ ውስጥ ገብታችሁ አጥፏት። «ሲን አድርጎ ዝም አለኝ» የሚባለውን ጠብ ያባባሰችው እ.ኤ.አ. በ2014 የመጣችው እሷ ናት። ስታጠፏት የሌላውንም ማየት ታቆማላችሁ። እሱም አንድ እፎይታ ነው። ግሩፕ ላይ ግን አትጠፋም።

6ኛ፦ «አለህ?» ማለት አቁሙ

ሰላምታውንና ጉዳዩን በአንድ መልእክት ላኩ። «ሰላም፣ 62 ገጽ አለኝ፣ ነገ 4 ሰዓት እፈልገዋለሁ፣ ይደርሳል?» በቃ። ተቀባዩ «ምን ሆኖ ይሆን?» እያለ አይጨነቅም፣ ሲመቸው ይመልሳል። እኔ ሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ግማሹ ተማሪ ሰምቷል፤ ሌላው ግማሽ አሁንም «አለህ?» ላይ ነው።

7ኛ፦ አንድ ስልክ የማይገባበት ሰዓት ምረጡ

እኛ ቤት የቡና ሰዓት ሆነ። ባለቤቴ ረከቦቱ አጠገብ ቅርጫት አስቀመጠች። ሕጉ መጀመሪያ ከአቦል እስከ በረካ ነበር። አብሮን የሚኖረው የእህቴ ልጅ ቶና ላይ መቁነጥነጥ ጀመረ፤ በሦስተኛው ቀን «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብሎ ከነስልኩ ጠፋ። አሁን ሕጉ እስከ አቦል ብቻ ነው። ለአቦል ደግሞ ይቆያል፣ አንዳንዴ ስልኩን ረስቶ በረካ ይደርሳል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ እንቅልፉ እምቢ ካለ፣ ወይም ድብርቱ ሁለት ሳምንት አልፎ ከቀጠለ፣ ነገሩ ከስልክ በላይ ሊሆን ስለሚችል ጤና ተቋም ሄዳችሁ ለባለሙያ ንገሩ።

ባለፈው እሑድ አቦል ገና ሳይቀዳ ከቅርጫቱ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ዝም አልነው። ደግሞ ጮኸ። ሁለቴ ከሆነ ከባድ ነገር ነው ብዬ ዘልዬ አነሳሁት።

«ብሮ፣ አለህ?»