ቀሪቦ ቤት ውስጥ ሲፈላ እንፋሎቱን እንዴት ማስወጣት ይቻላል?

ደሴ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ግቢ ውስጥ ጉልቻ ጎልቶ ትልቅ ድስት መጣድ ከባድ ነው። ዝናቡ እሳቱን ያጠፋል፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉምም ማገዶውን ያረጥበዋል። ድግስ ግን ክረምት ነው ተብሎ አይቀርም። መውሊድ አለ፣ ኒካህ አለ፤ ደጋሹ ክርስቲያን በሆነበት ቤትም ከጠላው ጎን ለሙስሊም ጎረቤት ቀሪቦ ማዘጋጀት የወሎ ወግ ነው። ስለዚህ ድስቱ ወደ ማድቤት ይገባል።

እኔ የማፈላው በ60 ሊትር ድስትና በ3,000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። በመጀመሪያው ክረምት እንፋሎቱን በመስኮት ብቻ ለማስወጣት ሞክሬ የቺፕዉድ ኮርኒሱ እንደ ሊጥ አበጠ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሻጋታ ወጣ፣ ለዓመት ያስፈጨሁት በርበሬ እርጥበት ገባበት። ያኔ ያልገባኝ የእንፋሎቱ ብዛት ነበር። እንዲህ ያለ ምድጃ በሙሉ ኃይሉ ሲያንተከትክ በሰዓት ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ይለውጣል። በደሴ ከፍታ ደግሞ አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ከ2,000 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። ውሃው እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ እንፋሎቱ ያንሳል ብሎ የሚያስብ አለ፤ አያንስም።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ከዚህ በታች የምገልጸው በኤሌክትሪክ ለሚያፈሉ ብቻ ነው። ከሰልና እንጨት የሚያወጡት ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፣ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። በከሰል የምታፈሉ ከሆነ ዝናቡን የሚከልል ዳስ ውጭ ሥሩ እንጂ ድስቱን ቤት አታስገቡ።

ቦታውና መስመሩ

ምድጃውን ወደ ውጭ ከሚያዋስነው ግድግዳ አጠገብ አድርጉት። እንፋሎቱን ወደ ውጭ የሚያወጣው ቱቦ ባጠረ ቁጥር ጣጣው ይቀንሳል። ለምድጃው የራሱን መስመርና ብሬከር በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስዘርጉ፤ የመሬት ሽቦውም ይኑር። ሶኬቱ እንፋሎት ከሚወጣበት ራቅ ብሎ በጎን በኩል ይሁን። በማከፋፈያ ገመድ ማፍላት የለም።

ቆቡ

ከድስቱ በላይ የሚንጠለጠለው የላሜራ ቆብ ከድስቱ አፍ በየአቅጣጫው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል መስፋት አለበት። የእኔ ድስት አፉ 45 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ቆቡን 75 በ75 አሠራሁት። ከፍታው በማማሰያ ለማማሰል የሚያስችል ይሁን፤ ከድስቱ አፍ 50 ሳንቲ ሜትር ለእኔ ተስማምቶኛል። ገንዘብ ካላችሁ የማይዝግ ብረት፣ ከሌላችሁ ዚንክ የተቀባ ላሜራ ይበቃል። ጥቁር ላሜራ ግን ለምግብ ድስት አናት አይሆንም። ምክንያቱን ከፍዬ ተምሬዋለሁ።

ውሃው እንዳይመለስ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እንፋሎት ማስወጣት ቀላል ነው፤ የወጣው እንፋሎት ውሃ ሆኖ እንዳይመለስ ማድረግ ነው ከባዱ።

የመጀመሪያው ቆቤ ከጥቁር ላሜራ የተሠራ ነበር፤ ቱቦውንም ቀጥ አድርጌ በጣሪያው በኩል አወጣሁት። እንፋሎት ወደ ላይ ስለሚሄድ ትክክለኛው መንገድ መስሎኝ ነበር። እንፋሎቱም በእርግጥ ወጣ። ነገር ግን ከጣሪያው ቆርቆሮ በላይ ያለው የቱቦው ክፍል በደሴ ሌሊት ይቀዘቅዛል። እንፋሎቱ እዚያ ሲደርስ ውሃ ይሆናል፣ ውሃውም በወጣበት ቱቦ ዝገቱን እያጠበ ወርዶ ድስቱ ውስጥ ይንጠባጠባል። የቀሪቦ ገብስ እስኪጠቁር ድረስ ስለሚቆላ መጠጡ ራሱ ጥቁር ቡናማ ነው፤ የዝገት ውሃ ቢገባበት አይለይም። እኔም አላየሁም። አጥልዬ፣ ስኳርና እርሾ ጨምሬ፣ አሳድሬ ለጎረቤቴ ልጅ ኒካህ አቀረብኩት። የሙሽራዋ አያት አንዴ ተጎነጩና ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። «ልጄ፣ ውሃው ከየት የተቀዳ ነው?» አሉኝ። ስቀምሰው ምላሴ ላይ የሚስማር ጣዕም ቀረ። ወደ 50 ሊትር የሚጠጋ ቀሪቦ ደፋሁ። ለእንግዶቹ ለስላሳ ተገዛ። ያንን ብርጭቆ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

መፍትሔው ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ይጠይቃል፤ አንዱ ብቻውን አይበቃም።

የመጀመሪያው የቱቦው ዝንባሌ ነው። ቱቦው ከቆቡ አናት በአንድ ኤልቦ ብቻ ታጥፎ በግድግዳው በኩል ይውጣ፤ ወደ ውጭም ያዘቅዝቅ። በየሜትሩ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ይህን በዓይን ግምት አትተዉት፣ ውሃ ልክ ያዙ። ውስጡ የሚፈጠረው ውሃ ያን ጊዜ ወደ ደጅ ይፈስሳል። ሁለት ቱቦ የምትቀጥሉ ከሆነ ለቆቡ የሚቀርበው ጫፍ በሚቀጥለው ውስጥ ይግባ። የጣሪያ ቆርቆሮ ሲነባበር የላይኛው በታችኛው ላይ እንደሚያርፍ ማለት ነው። ተገላቢጦሽ ከሆነ ውሃው በመጋጠሚያው ይወጣና ግድግዳውን ያበላሻል። የፒቪሲ ቱቦ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ፤ በ80 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ስለሚጀምር ከድስቱ አናት ላይ ይጎብጣል።

ሁለተኛው አሸንዳ ነው። ከኤልቦው በታች ያለው አጭር ቁም ቱቦና የቆቡ ግድግዳ ራሳቸው ያልባቸዋል፤ ይህን ውሃ ዝንባሌ አያድነውም። ስለዚህ የቆቡ የታችኛው ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አሸንዳ ዙሪያውን ይሠራለት። አንደኛው ማዕዘን ትንሽ ዝቅ ይበልና ከዚያ ቀጭን ጎማ ወደ ጀሪካን ይውረድ። ላሜራ ሠራተኛው አያስፈልግም ሊል ይችላል፤ የእኔም ብሎ ነበር። አስፈላጊ ነው። በድሮዎቹ የቢራ ፋብሪካ የመዳብ ጋኖች ላይ እንኳ ከጭስ ማውጫው ግርጌ ተመላሹን ውሃ የሚይዝ ቀለበት ይሠራ ነበር። የቆቡም ጎኖች ቁልቁል የበዛባቸው ይሁኑ፤ ለጥ ያለ ጣሪያ ካላቸው ጠብታው ወደ ጠርዙ ሳይንሸራተት እዚያው ተንጠልጥሎ ቀጥታ ድስቱ ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ቱቦ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ በሽቦ እሰሩት፤ ምድጃውን ግን እንዳይነካ። ቱቦው ካልቀዘቀዘ አብዛኛው እንፋሎት እንፋሎት እንደሆነ ይወጣል። ኮምቦልቻ ያለ ሰው ይህንን ቢዘልለው ብዙ አይጎዳም፣ አገሩ ሞቃት ነው። ደሴ ላይ ግን ልዩነቱን በጀሪካኑ አይቼዋለሁ፤ ከጠቀለልኩት በኋላ የሚጠራቀመው ውሃ ከግማሽ በታች ወረደ።

ማራገቢያውና የሚገባው አየር

ማራገቢያውን በቱቦው የውጭ ጫፍ ግጠሙት፣ ቆቡ ውስጥ አይሁን፤ ሞተሩ እንፋሎት ውስጥ ከተቀመጠ ዕድሜው ያጥራል። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ባለ 10 ሳንቲ ሜትሩ አቅም የለውም፤ ባለ 20 ውሰዱ። ሱቅ ውስጥ የሚያምረው፣ አየሩን በማጣሪያ አሳልፎ መልሶ ወደ ክፍሉ የሚለቀው ዓይነትም ለዚህ ሥራ ምንም አይጠቅምም። ቅባትና ሽታ ይይዛል እንጂ ውሃውን እዚያው ይመልስላችኋል።

አየር ካልገባ አየር አይወጣም። ከድስቱ ትይዩ ያለውን በር ወይም መስኮት አንድ ስንዝር ያህል ክፈቱ። በሚቀጥለው ክፍል የቡና ከሰል ተያይዞ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። ቤቱ ተዘጋግቶ ማራገቢያው ሲስብ የከሰሉን ጋዝ ሰው ወደ ተቀመጠበት ይጎትተዋል። ቀሪቦ በሚፈላበት ሰዓት ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ።

መሳቡን የምፈትሸው በዕጣን ነው። ድስቱን ከመጣዴ በፊት ጢሱን በድስቱ አፍ ቁመት ይዤ በአራቱም ጎን አዞራለሁ። ጢሱ ወደ ቆቡ ታጥፎ ከገባ ጥሩ ነው። ወደ ፊቴ ከመጣ የተከፈተው መስኮት በጣም ሰፍቶ ነፋስ እየገባ ነው ማለት ነው፣ አጠብበዋለሁ።

ሲፈላ

ከፈላ በኋላ ኃይሉን ወደ ግማሽ ዝቅ አድርጉ። ቀሪቦ ገብሱ ቀለሙንና ጣዕሙን እስኪለቅ በዝግታ ቢንተከተክ ይበቃዋል፤ ማንደቅደቁ እንፋሎትና የመብራት ክፍያ ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም። ክዳኑን በግማሽ መግጠምም ይረዳል፤ ሙሉ በሙሉ ከዘጋችሁት ግን አረፋው ገንፍሎ ምድጃው ላይ ይፈስሳል።

ምድጃው ከጠፋ በኋላ ማራገቢያው ሃያ ደቂቃ ይቆይ። ማራገቢያውን ከማጥፋታችሁ በፊት ድስቱን ለሁለት ይዛችሁ፣ እጀታውን በወፍራም ጨርቅ ጨብጣችሁ ከቆቡ ስር አውጡት። አየሩ ሲቆም ቱቦው ስለሚቀዘቅዝ ጠብታው የሚበዛው ያን ጊዜ ነው፤ የሚበርድ ቀሪቦ ደግሞ ክዳኑ ክፍት ነው። ንጹሕ ነጠላ አልብሱት፣ ጀሪካኑን ድፉ፣ አሸንዳውን በደረቅ ጨርቅ ዙሪያውን ጥረጉ። እርሾው የሚገባው ድስቱ በእጅ ሲነካ ለብ ሲል ነው።