ውሃ የጠጣው የጀልባዬ መሪ

የሸራ ጀልባዬን ከውሃ ካወጣኋት ሦስት ቀን አልፏል። ከመሪዋ (ከኋላዋ ውሃ ውስጥ ሆኖ አቅጣጫዋን ከሚያስቀይረው ሰሌዳ) ታችኛው ጫፍ ግን ቡናማ ውሃ ጠብ ጠብ ማለቱን አልተወም። ላዩ ላይ የምትታየው የጣት ርዝመት ያላት ስንጥቅ ብቻ ናት። "ስቱኮ ለቅልቄ፣ ቀለም ቀብቼ ልገላገል" ብዬ ነበር። እንኳን ተውኩት!

በካቻቢቴ እጀታ መላውን መሪ መታ መታ አደረግኩት። ደህናው ቦታ ጠጠር ያለ ድምፅ አለው፤ የላላው እንደ ባዶ ካርቶን ዱብ ዱብ ይላል። ዱብ ያለውን በእርሳስ ከበብኩና ከታች ሁለት ቀዳዳ በሳሁ። ውሃው ተንዠቀዠቀ። ሽታውን አታንሱብኝ።

የላላውን የውጭ ልባስ (ፋይበርግላስ) ቆርጬ ከውስጥ ያለውን የራሰ ፎም ጫርኩ። ማድረቁ ነው ትዕግስት የሚፈትነው። መሪውን በየጊዜው እየመዘንኩ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ጠበቅኩ፤ ሦስት ሳምንት ፈጀ።

ቀጥሎ ቆርጬ የከፈትኩትን ቦታ ዙሪያ በግራይንደር አሳሳሁት፦ ለ3 ሚሊሜትር ውፍረት ወደ 36 ሚሊሜትር ስፋት። አዲሱ ከአሮጌው ጋር የሚያያዘው እዚህ ላይ ስለሆነ መሰሰት አያዋጣም። በአሴቶን ወለወልኩ። ጉድጓዱን በወፈረ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) በስሱ፣ ደጋግሜ ሞላሁ፤ በአንዴ ከታጨቀ ግሎ ይጨሳል። ከዚያ ከመስታወት ክር የተሠራውን ጨርቅ በኢፖክሲ እየነከርኩ ደራረብኩ። ሲደርቅ ላዩ ላይ የሚቀረውን ሰም መሳይ ነገር በውሃ አጥቤ ነው በብርጭቆ ወረቀት የፈገፈግኩት።

ዋናው ጥፋተኛ ግን ስንጥቋ አልነበረችም። ውሃው የሚገባው መሪውን የሚያዞረው የብረት ዘንግ ከመሪው ጋር በሚገናኝበት አንገት ነው። እዚያ ዙሪያውን ቦይ አውጥቼ በሚለጠጥ ማሸጊያ ሞላሁት።