ወኪላችሁ ድምፁ ሲጠፋ ይህን ጠይቁት

መጽሐፋችሁን ለአሳታሚ እንዲያቀርብላችሁ የተዋዋላችሁት ወኪል ድምፁን አጠፋ? «ምን አዲስ ነገር አለ?» እያላችሁ አትጻፉ። እንዲህ ያለ ኢሜይል «ቆይቼ እመልሳለሁ» ተብሎ ይታለፋል። ይልቅ ዝርዝር ጠይቁ፦ «ረቂቄ ለየትኞቹ አሳታሚዎች፣ መቼ ተላከ? ማን ምን መለሰ? በ15 ቀን ውስጥ ቢልኩልኝ።» በቃ። ወቀሳ አትጨምሩበት።

የሚሠራው ጥያቄው ቁርጥ ያለ ስለሆነ ነው። ረቂቁን በትክክል ሲያዞር የቆየ ወኪል ዝርዝሩ እጁ ላይ ነው፤ ገልብጦ ለመላክ ጊዜ አይፈጅበትም። ካልላከ ደግሞ ያው መልስ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ዝርዝሩ ለእናንተው ያስፈልጋል። ነገ ሌላ ወኪል ብትይዙ ቀድሞ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው፤ አንዴ «አይሆንም» ያለ አሳታሚ ያንኑ ረቂቅ ድጋሚ የሚያየው ከስንት አንዴ ነውና።

አደራ፣ ውሉ ሳይፈርስ በራሳችሁ ወደ አሳታሚ እንዳትልኩ። መጀመሪያ የማቋረጫውን አንቀጽ አንብቡ። ብዙ ጊዜ የ30 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ይጠይቃል። ዝም ያላችሁ ገና ያልተዋዋላችሁት ወኪል ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ለሌሎች መላካችሁን ቀጥሉ።