ሞያሌን ከመሻገራችሁ በፊት፦ የፊት መብራት ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ገላን፣ ጋራዣችን ጀርባ፣ አንድ ረጅም የብሎኬት ግድግዳ አለ። ነጭ ኖራ ቀብተን በጥቁር ቀለም መስመሮች አስምረንበታል። ከግድግዳው ልክ 10 ሜትር ርቆ ደግሞ መሬቱ ላይ ሌላ መስመር አለ። የመኪና መብራት የማስተካክለው እዚያ ነው። ውድ መሣሪያ የለኝም፤ ግድግዳ፣ ሜትር፣ ካቻቢቴና ጨለማ ይበቁኛል።

እኔ ዘንድ ወደ ኬንያ የሚወርዱ ሰዎች ይመጣሉ። ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ያቤሎ፣ ሜጋ ብለው በሞያሌ የሚሻገሩ፣ ከዚያ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርገው ናይሮቢ የሚገቡ። ሰዎቹ ጎማ ይቀይራሉ፣ ዘይት ይቀይራሉ፣ የኮሜሳ ቢጫ ካርዳቸውን፣ ማለትም ድንበር ማዶ የሚሠራውን የመኪና መድን፣ ያወጣሉ። መብራቱ ትዝ የሚላቸው ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው፤ ያውም ሌላ ሰው ነግሯቸው። ሲመጡም በቀትር ነው የሚመጡት። በዚያ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ምን ላይ?

ከጎረቤቶቻችን በግራ የሚነዳው ኬንያ ብቻ ነው። ጅቡቲ፣ ሱዳን፣ ደቡብ ሱዳን፣ ኤርትራና ሶማሊያ እንደኛው በቀኝ ናቸው። ስለዚህ ለጅቡቲ ጉዞ «መብራቴን ቀይርልኝ» የምትሉኝ የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ ብራችሁ ኪሳችሁ ይቀመጥ።

አንድ ነገር ላስረዳና ወደ ስህተቶቹ ልግባ። አጭር መብራት ግድግዳ ላይ ሲበራ ከላይ በኩል በቢላ የተቆረጠ የመሰለ ጠርዝ ይሠራል። ለቀኝ መንገድ የተሠራ መብራት ከሆነ ጠርዙ ከግራ ጠፍጣፋ ሆኖ ይመጣና መሀል ሲደርስ ወደ ቀኝ ሽቅብ ይወጣል፣ 15 ዲግሪ ያህል። እኛ ጋራዥ ይህቺን ሽቅብ የምትወጣውን «ክንፉ» እንላታለን። ጠፍጣፋው ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያድናል፤ ክንፉ ደግሞ የመንገዱን ዳር፣ እግረኛውን፣ አህያውን ያሳያችኋል። ኬንያ ስትገቡ ዳራችሁ ግራ ይሆናል፣ ከፊት የሚመጣው ሰው በቀኛችሁ ያልፋል። ክንፉ ግን አሁንም ቀኝ ነው። ቀጥ ብሎ የሰውየው ዓይን ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

«ወደ ግራ አዙርልኝ»

ይህንን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሰዉ የሚያስበው እንዲህ ነው፦ እዚያ በግራ ነው የምነዳው፣ ስለዚህ መብራቱ ወደ ግራ ይዙር። ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ከመብራቱ ጀርባ ሁለት ማስተካከያ ብሎኖች አሉ፤ አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ጎን። የጎኑን ብሎን ወደ ግራ ጠምዞ ጠምዞ «ጨረስኩ» የሚል መካኒክም ሞልቷል። እንዲያውም ራሴ አንዱ ነበርኩ።

ሥራውን በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሽማግሌ በሃይሉክስ መጡ። ናይሮቢ ለልጃቸው ምረቃ ሊሄዱ ነው። እኔ ሆዬ ሁለቱንም መብራት በጎኑ ብሎን ወደ ግራ ገፋሁላቸው፣ ሂሳብ ተቀበልኩ፣ «መልካም መንገድ ጋሼ» ብዬ ሸኘሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። ከመኪናው እንኳ አልወረዱም። «አንተ ልጅ፣ ምን አድርገህ ነው የሰደድከኝ? ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ረጅም መብራት ያላበራብኝ መኪና የለም። አንዱማ ቆሞ ሰድቦኛል፤ ስዋሂሊ ባልሰማም ስድብ መሆኑ አይጠፋኝም።»

ያን ዕለት ማታ መኪናቸውን ግድግዳው ፊት አቆምኩት። ያኔ ግድግዳው ገና ኖራ አልተቀባም ነበር፣ ግን በደንብ ይታይ ነበር። ክንፉ ድሮ የሚነሣው ከመሀል ነው። እኔ መብራቱን ወደ ግራ ሳዞረው መነሻውም ወደ ግራ ሄዷል። ዳገት ቀደም ብሎ ከጀመራችሁ አንዱ ቦታ ላይ ስትደርሱ ከበፊቱ ከፍ ብላችሁ ነው የምትገኙት አይደል? ይኸውም እንደዚያው ነው። ብርሃኑ ቀኝ ጋ ሲደርስ ሳልነካው ከነበረው በላይ ወጥቷል። ሽማግሌውን ከነስህተታቸው ብተዋቸው ይሻል ነበር፤ እኔ ጭራሽ አባስኩት። ሂሳቡን መለስኩላቸው። አሁንም ደንበኛዬ ናቸው፣ አሁንም «አንተ ልጅ» ነው የሚሉኝ፣ ፀጉሬ ሸብቶ።

ስለዚህ የጎኑን ብሎን አትንኩ። ለኬንያም፣ ለታንዛኒያም፣ ለኡጋንዳም አትንኩ። ያ ብሎን መኪናው ተጋጭቶ መብራቱ ሲወላገድ ለማቃናት ነው የተሠራው።

እንግዲያው ምን ይደረግ? አዳዲሶቹ መኪኖች አንዳንዶቹ ዳሽቦርዱ ማውጫ ውስጥ የግራና የቀኝ መንገድ ምርጫ አላቸው። አንዳንድ ክብ ሌንስ ያላቸው መብራቶች ደግሞ ከጀርባቸው ሽፋኑን ስትከፍቱ ትንሽ ማንሻ አላቸው፣ ወደ ጎን ስትገፏት ክንፉ ይጠፋል ወይም ይገለበጣል። መጀመሪያ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ አንብቡ። አውቃለሁ፣ መጽሐፉ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። አንብቡት።

እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ ጥቁር ፕላስተር ነው።

ፕላስተሩን በግምት መለጠፍ

ክንፉ ቀኝ ነው ተብሎ የመብራቱን ቀኝ ግማሽ መሸፈን አይሠራም። ከግድግዳው የሚታየው ክንፍ ከመስታወቱ የትኛው ቁራጭ እንደሚመጣ ከመብራት መብራት ይለያያል። ማታ ግድግዳ ፊት ቁሙ፣ አጭር መብራት አብሩ፣ አንዱን መብራት በጨርቅ ሸፍኑና በሌላው ላይ አንዲት ቁራጭ ካርቶን ቀስ እያላችሁ አንቀሳቅሱ። ክንፉ የጠፋችበት ቦታ ላይ ስትደርሱ እዚያ ለጥፉ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ረዳት ቢኖራችሁ እሱ ግድግዳውን ያያል፣ እናንተ ካርቶኑን ትይዛላችሁ፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው ግን እየተመላለሰ ይደክማል።

ይህ ዘዴ መስታወታቸው ሽንትር ባላቸው የድሮ መብራቶች ላይ ቆንጆ ነው። እንደ ዓይን ኳስ የጎበጠ ሌንስ ላላቸው ግን ብዙም አይረባም፤ የሌንሱ እያንዳንዱ ቦታ ሙሉውን ምስል ስለሚያስተላልፍ ፕላስተሩ ብርሃኑን ያደበዝዛል እንጂ ክንፉን አይቆርጥም። ለእነዚህ፣ ማንሻም ማውጫም ከሌላቸው፣ የከፍታ ማስተካከያውን አንድ ነጥብ ዝቅ አድርጎ በቀስታ መሄድ ነው። ከተቻለም በቀን መሄድ።

ረጅም መብራት በሁለቱም ወገን እኩል ስለሆነ ምንም አይደረግበትም።

አፍንጫው ሥር መድፋት

«ማንንም እንዳያስቸግር ወደ ታች ድፋው።» ለሰው ማሰባችሁ ደስ ይላል፣ ግን ለራሳችሁም አስቡ። መብራታችሁ ከመሬት 70 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል እንበል። ትክክለኛው ዝቅታ በ10 ሜትር ርቀት 10 ሳንቲሜትር ያህል ነው፣ ብዙ መኪኖች ኮፋኖ ሥር ወይም መብራቱ ላይ 1 በመቶ ተብሎ ይጻፍባቸዋል። እንዲህ ሲሆን ጠፍጣፋው ጠርዝ መሬት የሚነካው 70 ሜትር ላይ ነው። በ10 ሜትር 30 ሳንቲሜትር ብትደፉት ግን 23 ሜትር ላይ ያልቃል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ትሄዳላችሁ። ቦረና ላይ ማታ መንገድ መሀል የተኛን ግመል ለማየት አንድ ሰከንድ አላችሁ ማለት ነው።

መሪውን አይቶ መብራቱን መገመት

ይሄኛው ኬንያ ለማይሄዱትም ነው። በግራ ከሚነዳ አገር የመጣና መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረለት መኪና አለ። መሪው ዞሯል፤ መብራቱ ግን ማንም አልነካውም። ክንፉ አሁንም ወደ ግራ ነው የሚወጣው፣ እዚህ እኛ አገር የሰው ዓይን ላይ። ከገላን ወደ ዱከም በአሮጌው መንገድ ማታ ስትሄዱ «ይሄ ሰውዬ ለምን ረጅም መብራት አያወርድም» እያላችሁ ስታማርሩ፣ ሰውዬው አጭር ላይ ሊሆን ይችላል።

አንድ ወጣት እንዲህ ያለች ቪትዝ ይዞ መጣ፣ ለኬንያ ጉዞ መብራቱን እንድቀይርለት። ግድግዳው ላይ ስናበራው ክንፉ ወደ ግራ ነው። «ወንድሜ፣ መብራትህ ድሮም ለኬንያ የተሠራ ነው፤ እንዳለ ሂድበት። ስትመለስ ነው ችግሩ» አልኩት። መጀመሪያ ያሾፍኩበት መስሎት ነበር።

ተጋጭታችሁ ያገለገለ መብራት ፍለጋ ሶማሌ ተራ የምትወርዱ ሰዎችም ይሄን ልብ በሉ። መስታወቱ ላይ በክብ ውስጥ የላቲን «ኢ» ፊደል ካለች አጠገቧ ቀስት ፈልጉ። ከመብራቱ ፊት ቆማችሁ ስታዩት ወደ ቀኝ የሚጠቁም ቀስት ካለ መብራቱ ለግራ መንገድ ነው። ሁለት ጫፍ ያለው ቀስት ከሆነ ለሁለቱም ይስተካከላል። ቀስት ከሌለ ለቀኝ መንገድ፣ ማለትም ለእኛ ነው። «ኢ» ራሷ ከሌለች፣ ወይም ዕቃው ኮፒ ከመሰላችሁ፣ ከግድግዳ በቀር ዳኛ የለም። አንዱ መብራት ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ የሆነ መኪናም ገጥሞኛል፤ ግድግዳው ላይ አፉን የከፈተ መቀስ ይመስል ነበር። ባለቤቱ ሁለቱንም «ኦርጅናል» ብሎ ነው የገዛው፣ ኦርጅናልም ነበሩ።

ስለ ግራና ቀኝ ካነሣን፣ እኛም እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ነበር የምንነዳው። ሽማግሌው ደንበኛዬ ያንን ዘመን ሲያወሩ ሥራ አስፈትተውኝ ነው የሚሄዱት።

ባዶ መኪና ማስተካከል

ባዶውን ታመጡታላችሁ፣ አስተካክላለሁ፣ ከዚያ ሻንጣና ሰው፣ አምስት ጀሪካን ትጭናላችሁ። ኋላው ይወርዳል፣ አፍንጫው ይነሣል፣ መብራቱ ሰማይ ያያል። ወይ እንደምትጓዙበት ጭናችሁ ኑ፣ ወይ ከዜሮ እስከ ሦስት ያለችውን የከፍታ ማዞሪያ መጠቀም ልመዱ። የጎማ ነፋስም ቀድማችሁ አስለኩ።

ሃሎጂን መብራት ውስጥ የኤልኢዲ አምፖል የከተተ ሰው ደግሞ ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ አይመለከተውም። ብርሃኑ የሚነሣበት ቦታ ስለተዛባ ግድግዳው ላይ ጠርዝ የሚባል ነገር አይወጣለትም። መጀመሪያ አምፖሉን ያውጣ።

መመለስ መርሳት

ማስተካከያ ብሎን ከነካችሁ ስንት ዙር እንዳዞራችሁ ጻፉ፣ ወይም ብሎኑ ላይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጉ። ፕላስተሩንም ስትመለሱ ሞያሌ ላይ፣ እዚያው አንሡት። ወር ሙሉ ፀሐይና የአምፖል ሙቀት ከቆየበት ሙጫው ይጋገራል። ያኔ በምላጭ አትፋቁት፣ በቤንዚንም አትጥረጉት፤ የዛሬ መብራት ፕላስቲክ ነው፣ ቤንዚን ይሰነጣጥቀዋል። ለብ ያለ ውኃና ሳሙና፣ እምቢ ካለ የምግብ ዘይት ቀብታችሁ ጥቂት አቆዩት።

ሽማግሌው ሁለተኛ ጊዜ ናይሮቢ ሲሄዱ ፕላስተሩን እኔ ራሴ ለጠፍኩላቸው፣ በካርቶን ፈልጌ፣ በደንብ አድርጌ። ያለ ስድብ ሄደው ተመለሱ። ከሦስት ወር በኋላ «ዓይኔ ደከመ መሰለኝ፣ ማታ ማታ ዳሩ አይታየኝም» ብለው መጡ። ኮፋኖውን ልከፍት ጎንበስ ስል ፕላስተሩ እንዳለ አየሁት።